ስርዝ ድልዝ የሌለው ገጽ

ከመዝገብ ቤቱ የግንብ አጥር ሥር ተደርድረን የምንቀመጥ ማመልከቻ ጸሐፊዎች ስድስት ነን። አምስቱ በእጃቸው ይጽፋሉ፤ እኔ ታይፕ አለኝ። የታይፕ መኪናዬ በዕድሜ ትበልጠኛለች እላለሁ ለሚጠይቀኝ ሁሉ፤ የእሷን ዕድሜ ግን አልናገርም። ፊት ለፊታችን የመዝገብ ቤቱ በር ነው፤ ከበሩ ገባ ብሎ አራት መስኮቶች አሉ። የወታደር ነገር ያለበት ሰው ሁሉ የሚሄደው ሦስተኛው መስኮት ጋ ነው፤ ከዚያ ሲመለስ ፊቱን አይቼ የተባለውን ማወቅ ከቻልኩ ቆይቻለሁ።

ከጎኔ በአንድ ክንድ ርቀት ሃምሳ አለቃ ይቀመጣል። ስሙ ማዕረጉ ሆኖ ቀርቷል፤ እናት አባቱ ያወጡለትን ስም የሚጠራው ሰው የለም። ረጅም፣ ደረቅ፣ በሙቀት ቀን እንኳ የሸሚዙን የአንገት ቁልፍ የማይፈታ ሰው ነው። የእጅ ጽሑፉ የታተመ ይመስላል። «ከታይፑ የእሱ እጅ ይሻላል» የሚሉ ደንበኞች አሉ። ይህን ስሰማ ቆሽቴ ያርራል፤ ውሸት ነው ማለት ግን አልችልም።

አንድ አመል ነበረው። የነገን ቀን ዛሬ አይጽፍም። ሰው ከሩቅ መጥቶ መስኮቱ ተዘግቶበት፣ «ነገ ጠዋት ስለማስገባት የነገን ቀን ጻፍባት» ካለው ብዕሩን ያስቀምጣል። «ነገ ና፣ ነገ እጽፍልሃለሁ» ብሎ ዞር ይላል። ቢለምኑት፣ ቢቆጡት ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። እንዲህ አድርጎ የሚያባርራቸው ደንበኞች ወደ እኔ ስለሚመጡ አመሉን አልጠላሁትም፤ ግን አላስችል ይለኛል።

«አንተ ሰውዬ፣ ነገ የማይነጋ ይመስልሃል እንዴ?» እለዋለሁ።

«ሲነጋ እናየዋለና» ይለኛል። ከዚህ የበለጠ ተናግሮ አያውቅም ነበር።

እማማ የሱ ደንበኛ ነበሩ። እኔ እዚህ አጥር ሥር ከመምጣቴ ከሦስት ዓመት በፊት ጀምረው ይመጡ ነበር፤ እኔ ከመጣሁ ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ቁመታቸው ከጠረጴዛው ብዙም ከፍ አይልም። ወረቀቶቻቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን በጨርቅ ቦርሳ ከተው፣ ቦርሳውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ይመጣሉ። ሃምሳ አለቃ ገና ከሩቅ ሲያያቸው ተነስቶ የራሱን ወንበር ያስቀምጥላቸውና እሱ ባዶ ሳጥን ላይ ይቀመጣል። ሌላ ደንበኛ ካለም ይጠብቃል። ለእናቱ እንኳ እንዲህ የሚሆን ወንድ እምብዛም አላየሁም፤ ደግ ሰው ነው እል ነበር በሆዴ።

ጉዳያቸው አንድ ነው። አንድ ልጅ ነበራቸው። ጓደኞቹ «ሳቂታው» ይሉት ነበር፤ በማይሳቅበት ቦታ ሁሉ የሚስቅ ልጅ ነበር አሉ። ዘመተ። ጦርነቱ ሲያበቃ የሌሎቹ ልጆች ወይ ራሳቸው መጡ፣ ወይ ወረቀታቸው መጣ። የሳቂታው ወረቀት «ከድቷል» ይላል። ከምድቡ ሦስት ቀን ጠፍቷል፣ አልተመለሰም፣ ከድቷል፤ አለቀ።

እንግዲህ የከዳ ሰው አልሞተም። በሰፈራቸው፣ «ልጁማ ድንበር ተሻግሮ ትልቅ ሰው ሆኗል፤ ሦስት ልጅ ወልዷል፤ እናቱን ግን ረሳ» ይባላል። አንዲት ጎረቤታቸው ገበያ ላይ እጃቸውን ይዛ፣ «አይጽፍልዎትም? እንዴት ያለ አንጀት ነው!» ብላ አልቅሳላቸዋለች። እማማ ይህን ሲነግሩኝ አላለቀሱም። ለልጃቸው ለቅሶ ተቀምጠው አያውቁም፤ ማን መጥቶ «እግዜር ያጥናዎት» ይበላቸው? በዘመቱት ስም ዝርዝር ላይ፣ የሰፈሩ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከተሰዉት ጎራ ስሙ የለም። እሳቸው የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «በግዳጅ ላይ ተሰዋ» የሚል ወረቀት፤ እሱን ይዘው ቤታቸው ገብተው በር ከፍተው ሊያለቅሱ።

ልጃቸው መሞቱን በምን አወቁ? ሃምሳ አለቃ ነገራቸው። እዚያ የነበረ አንድ ወታደር እንዳጫወተው፣ ሳቂታው ጠፍቶ ነበር እንጂ አልከዳም፤ በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ተመልሶ ከጓዶቹ ጋር ተሰልፏል፤ ያን ዕለት ጠዋት ከወጡት ጋር ወጥቶ ከእነሱ ጋር ቀርቷል። እማማ ይህን እንደ ዓይን ብሌናቸው ይጠብቁታል። «ያ የነገረህ ወታደር የት ይገኛል?» ይሉታል በየጊዜው። «እየፈለግኩት ነው እናቴ» ይላቸዋል።

ሦስተኛው መስኮት በአሥራ አራት ዓመት ያላለው ነገር የለም። ሁለት ምስክር አምጡ አለ። የሻምበሉ ፊርማ ያስፈልጋል አለ፤ ሻምበሉ ሞቷል። የሻምበሉ የሞት ማስረጃ ይቅረብ አለ፤ ቀረበ። ፋይሉ ጠፍቷል አለ፤ ፋይሉ ተገኝቷል፣ ማመልከቻው ግን ጊዜው ስላለፈበት በአዲስ ይጻፍ አለ። እንዲያውም አንዱ፣ «እማማ፣ በእኛ መዝገብ መሠረት እኮ ልጅዎ በሕይወት አለ፤ ደስ ሊልዎት ይገባ ነበር» ብሏቸዋል። ያን ቀን ሰውየውን ሄጄ ልሰድበው ተነስቼ ነበር፤ ሃምሳ አለቃ ነው የያዘኝ። «ተይው፣ የተጻፈለትን ነው ያነበበው» አለኝ።

ያለፈው ዓመት ነው ደብዳቤ የመጣላቸው። የቆዩ መዝገቦችን የሚመረምር ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ አመልካች ከጉዳይ አስፈጻሚያቸው ጋር፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ቢሮ ቁጥር አሥራ ሰባት ይቅረቡ። እማማ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። ደረጃው ስለሚያቅታቸው እኔ በአንድ ክንዳቸው፣ ሃምሳ አለቃ በሌላው ሆነን አወጣናቸው። በየመታጠፊያው እየቆሙ፣ «ዛሬ ያልቃል መሰለኝ» ይላሉ። ሃምሳ አለቃ ላብ አጥምቆታል። «ምነው፣ እኔን ነው እንዴ የተሸከምከው?» ብዬ ቀለድኩበት፤ አልሳቀም።

ቢሮ አሥራ ሰባት ውስጥ አንድ ሻለቃ ነበር፤ ወጣት፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚረሳ። ትሑት ሰው ነው። እማማን ራሱ ደግፎ አስቀመጣቸው። ከዚያ ከብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ረጅም፣ ጠባብ፣ ጠርዙ በጨርቅ የተለበጠ መዝገብ አወጣ። የማለዳ ቆጠራ መዝገብ ይባላል። በየጠዋቱ ሰልፍ ላይ ስም ሲጠራ ማን እንደተገኘ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደጠፋ የሚመዘገብበት ነው። ምልክት ያደረገበትን ገጽ ከፍቶ ወደ እማማ አዞረው፤ ማንበብ እንደማይችሉ ሲያውቅ ወደ እኔ አዞረው።

ሳላነብ አወቅሁት። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከጎኔ ሲጻፍ ያየሁት እጅ ነው። ቀና ብዬ ሃምሳ አለቃን አየሁት፤ እሱ ግን እኔን አላየኝም። መዝገቡን ነበር የሚያየው።

«ልደብቅዎት አልፈልግም እናቴ፤» አለ ሻለቃው። «ስሙ እነሆ፦ ከድቷል ይላል። ችግሩ ደግሞ ይህ መዝገብ በእጃችን ካሉት ሁሉ ንጹሑ ነው። ስርዝ የለውም፣ ድልዝ የለውም። እንዲህ ያለ መዝገብ ተሳስቷል ብሎ ለመፍረድ ጠንካራ ማስረጃ ያስፈልገኛል።»

ሃምሳ አለቃ ተነሳ። እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ጌታዬ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ።

ሻለቃው መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። እማማ አልገባቸውም፤ ማመልከቻውን ማለቱ መስሏቸው፣ «አዎ፣ እሱ ነው የሚጽፍልኝ፤ እግዜር ይስጠው» አሉ።

ከዚያ ተናገረ። እኔ ያን ሰው በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያን ያህል ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። የሻምበሉ ጸሐፊ እሱ ነበር። ሻምበሉ ስርዝ ካየ ይቀጣል፤ መልእክተኛው ደግሞ መዝገቡን ሊወስድ ጎህ ሳይቀድ ይመጣል። በዚያ ብርድ ጣት ብዕር አይጨብጥም። ስለዚህ ጸሐፊዎቹ የነገውን ቆጠራ ዛሬ አመሻሽ ላይ፣ እጃቸው ሳይደርቅ፣ ጻፍ አድርገው ያድሩ ነበር። ሻምበሉም አብሮ ይፈርም ነበር። ሁሉም እንዲህ ነው የሚሠራው፤ ማታ የነበረ ጠዋትም ይኖራላ። ሳቂታው ሁለት ቁስለኞች ይዞ ወደ ኋላ ወርዶ መንገድ ተቆረጠበት። ሁለት ጠዋት አልነበረም። ሦስተኛ ጠዋት ያልተገኘ ከዳተኛ ተብሎ ይጻፋል፤ ሃምሳ አለቃም የሦስተኛውን ጠዋት በሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ጻፈው።

«ጎህ ሲቀድ መጣ» አለ። «እግሩ አብጦ፣ ጫማውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ። ሰልፍ ገባ። ስም ጠራሁ፤ የሱን አልጠራሁም። መዝገቡን መልእክተኛው ወስዶታል። ‹ጸሐፊው፣ እኔን ረሳኸኝ እኮ› ብሎ ሳቀ። ‹ስትመለስ አስተካክልልሃለሁ› አልኩት። ያን ጠዋት ሠላሳ ሁለት ሆነው ወጡ። አንድም አልተመለሰም።»

«ለምን ያኔውኑ አላሳወቁም?» አለ ሻለቃው።

«ፈራሁ። ቆጠራ አስቀድሞ የጻፈ ይረሸን ነበር። በኋላ ጦሩ ተበተነ። በኋላ ደግሞ...» ወደ እማማ ዞረ። «በኋላ እሳቸው መጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ስሙን ጠሩ። በመስኮቱ በኩል የሚያልቅ መሰለኝ። እኔ ሳልነሳ የሚያልቅ መሰለኝ።»

እማማ ያኔ ገባቸው። ያቀፉትን ቦርሳ ወደ ደረታቸው ጠጋ አደረጉት።

እኔ በንዴት ጆሮዬ ጮኸ። አሥራ አራት ዓመት! እየመጡ ሲመለሱ፣ ጉልበታቸው ሲከዳቸው፣ ጎረቤት ሲያዝንላቸው፣ ያ ወታደር የት ነው ሲሉት፣ ወታደሩ እሱ! ወንበር ያስቀምጥላቸው ነበር። እኔም ደግ ሰው ነው እል ነበር። ቢሆንም ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ከጸሐፊው ራሱ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል ብዬ ሻለቃውን አየሁት።

ሻለቃው ግን ደስ አላለውም። ብዕሩን አንስቶ መልሶ አስቀመጠ።

«ይህን ቃልዎን ከመመዝገቤ በፊት አንድ ነገር ልንገራችሁ» አለ። «በዚህ ገጽ ላይ ሠላሳ አንድ ሰዎች ‹ተገኝቷል› ተብለዋል። በማግስቱ የሉም። ተሰዉ የተባሉት በዚህ ነው፤ ሌላ ወረቀት የለም። አስከሬን የለም፣ የተረፈ ሰው የለም። ገጹ ጠዋት ካልተጻፈ፣ ያን ዕለት ጠዋት ማንም አልተቆጠረም ማለት ነው። አንዱን ነጥዬ ማረም አልችልም፤ ደንቡ ገጹን እንዳለ ይሰርዘዋል። ሠላሳ አንዱም ‹ያልታወቀ› ይሆናሉ።»

«ቆጥሬያቸዋለሁ እኮ» አለ ሃምሳ አለቃ። «በስማቸው ጠርቻቸዋለሁ። አቤት ብለውኛል።»

«የት ጻፉት?»



«የሳቸውስ ልጅ?» አልኩ እኔ፣ ሳይጠይቁኝ።

«እሱም ያልታወቀ ይባላል። ከዳተኛነቱ ይነሳለታል፤ ተሰዋ ለማለት ግን ሰልፉ ላይ ለመገኘቱ ማስረጃ የለም። ያለው የጸሐፊው ቃል ነው፤ እሱ ደግሞ አሁን ሐሰት መጻፉን ነገረን።» ሻለቃው ይህን ያለው በክፋት አይደለም። ያፈረ ይመስል ነበር። ባዶ ወረቀትና ብዕር ወደ ሃምሳ አለቃ ገፋ አደረገ። «ከፈለጉ ይጻፉት። እኔ እቀበላለሁ።»

ሃምሳ አለቃ ብዕሩን ያዘ። ስንት ሺህ አቤቱታ የጻፈ እጅ ነው። ቀኑን ጻፈ፤ ከዚያ አልቀጠለም። ቀና ብሎ እማማን አየ፣ እንዲያዙት። ይህንንም ያን ጊዜ ጠላሁበት፤ አሁንም እሳቸው ይሸከሙለት!

እማማ እሱን ሳያዩ ሻለቃውን ጠየቁ።

«እነዚያ ሠላሳ አንዱ እናቶች አሏቸው?»

«አንዳንዶቹ አሏቸው፣ እናቴ።»

«ወረቀት ተሰጥቷቸዋል?»

«ተሰጥቷቸዋል።»

«አልቅሰዋል እነሱ» አሉ እማማ። ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ተነሱ። «ይቅር፤ ዝጋው መጽሐፍህን።»

ደረጃውን ስንወርድ በአንድ ክንዳቸው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሃምሳ አለቃ ከኋላችን ይወርዳል። አንድ ጊዜ «እናቴ» አለ። አልመለሱለትም። አጥሩ ጋ ስንደርስ ወንበሩን ሊያስቀምጥ ሮጠ፤ እሳቸው ግን ወደ አውቶቡሱ አቀኑ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን አላናገርኩትም። ጠዋት እንደምን አደርሽ ሲለኝ የታይፑን ቁልፎች እመታለሁ። እሱም ይቅርታ አድርጊልኝ አላለም፣ ራሱንም አልተከላከለም። ይጽፋል፣ ሒሳቡን ይቀበላል፣ ይሄዳል። አንድ ቀን ግን ነገሩ አላስችል ብሎኝ፣ «እሺ፣ መጀመሪያ በመጡ ቀን ብትነግራቸው ኖሮስ?» አልኩት። «ያኔም ሠላሳ አንዱ ነበሩ» አለኝ። እውነቱን ነው። ይህን ሳስብ ጭራሽ ባሰብኝ፤ መናደድ እንኳ የማያዋጣበት ነገር ሆነብኝ።

በወሩ እማማ መጡ። ሃምሳ አለቃ ገና ሲያያቸው ተነሳ። እሳቸው በፊቱ አልፈው እኔ ጠረጴዛ ጋ ተቀመጡ፤ የደንበኛ መቀመጫዬ እግሩ የላላ በርጩማ ነው። ቦርሳውን ከፈቱ፣ ፌስታሉን ፈቱ፣ ወረቀቶቹን በሙሉ ወደ ጎን አደረጉና፣ «ከመጀመሪያው ጻፊልኝ። እንደ አዲስ» አሉኝ።

«እማማ፣ ያው መልስ ነው የሚመጣው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ጻፊ። ቤት ቁጭ ብዬ ምን እሠራለሁ?»

ጻፍኩ። ቅጹን ታውቁት እንደሆን፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ስህተቱን የፈጸመው ሰው ከታወቀ ይገለጽ የሚል መስመር አለ። እጄ ቆመ። ሃምሳ አለቃ አጠገባችን ነው፤ ደንበኛ የለውም፤ የምንለውን ሁሉ ይሰማል።

«እዚህ ላይ... ማን እንደጻፈው ይጠይቃሉ» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«አይታወቅም በዪ።»

«እማማ፣ ይታወቃል እኮ።»

«አሥራ አራት ዓመት አጠገቡ ተቀምጬ እኔ ያላወቅሁትን ሰው አንቺ ከየት ታውቂዋለሽ? አይታወቅም በዪ።»

አይታወቅም ብዬ ጻፍኩ። ሊያድኑት ይሁን ሊተፉት፣ እስከ ዛሬ አልተረዳሁም። ሃምሳ አለቃን ላለማየት አንገቴን ደፍቼ ነበር። ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ፤ ቀና ስል ቦታው ላይ የለም። ያን ቀን አልተመለሰም። ጠረጴዛውን እኔ ነኝ ያስገባሁለት።

ሦስተኛው መስኮት ማመልከቻውን ተቀበለ፣ የስምንት ወር ቀጠሮ ሰጣቸው። በስድስተኛው ወር ሞቱ። ያቺ በገበያ ያለቀሰችላቸው ጎረቤት ናት መጥታ የነገረችን፤ የጉዳዩ ወረቀት ኪሳቸው ውስጥ ተገኝቶ ነው እኛ የምንቀመጥበትን ያወቀችው። እኔና ሃምሳ አለቃ አብረን ሄድን።

የሰፈሩ ሰው በብዛት ወጥቶ ነበር። ሬሳው ደርሶ፣ ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ ሁሉ ነገር አልቆ ሳለ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሱና፣ «ትንሽ እንታገስ» አሉ። ልጁ ባለበት አገር ሞቷን ሰምቶ ሊሆን ይችላል፤ ክፉ ቢሆንም ልጅ ነው፤ ለእናቱ ቀብር እንኳ አንድ ሰዓት ይጠበቅ። ሰዉ ተስማማ። አንዳንዱ መንገዱን ማየት ጀመረ። መኪና በመጣ ቁጥር ራስ ይዞራል።

«አይመጣም» አለ ሃምሳ አለቃ። ድምፁ ከፍ ብሎ ነው የወጣው። «አይጠበቅ፤ ቅበሯቸው።»

ሽማግሌው ዞር ብለው አዩት። «አንተ በምን አወቅህ ልጄ? ታውቀዋለህ?»

ሰው ሁሉ ያየው ነበር። አፉን ከፈተ፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ሠላሳ አንዱን እያሰበ ይሁን ራሱን፣ እኔ አላውቅም። ከዚያ አንገቱን ደፋ፣ ከሰዉ ኋላ ሄዶ ቆመ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረና ከእነሱ ጋር ይጠብቅ ጀመር።